ከጉድጓዱ ሦስተኛው

ጫማ ሰፊው ፊሊኖስ አቴናን ሃያ ዓመት ሙሉ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አስተዳድሯል። ሱቁ የገበያው አደባባይ ጥግ ላይ ናት። እግሩን ሊያስለካ የገባ ሰው፣ ልኬቱ እስኪያልቅ ድረስ ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ስንዴው ጉዳይ፣ ስለ ቴቤ ሰዎች ተንኮልና በየመንገዱ ስለሚከመረው ፋንድያ የፊሊኖስን ብያኔ ሳይሰማ አይወጣም። አንዳንዱ ደንበኛ ግራ እግሩን ብቻ አስለክቶ "ቀኙም ያው ነው" ብሎ ይሮጣል።

እኛ አቴናውያን መቼም አፋችን አያርፍም፤ በዚህ ብቻ በፊሊኖስ ላይ መሳቅ ራስን በራስ መስደብ ይሆናል። እሱ ግን ከአብዛኞቻችን የሚለይበት ነገር ነበረው፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ነገር ሠርቷል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በመንደሩ በአሎፔኬ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ከመቃብሮቹ ረድፍ በላይኛው ጫፍ ያለው አሮጌ የውኃ ጉድጓድ ይደፈን፣ አዲሱ ደግሞ በታችኛው ጫፍ፣ መንገዶቹ ከሚገናኙበት ላይ ይቆፈር አለ። እጅ ወጣ፤ ሐሳቡ አለፈ። በዕድሜው ካቀረባቸው ሃያ ሰባት ሐሳቦች ያለፈው ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የውኃ ነገር በተነሳ ቁጥር፣ ካልተነሳም ራሱ ያነሳውና፣ "ጉድጓዱን ያዛወርኩት እኔ ነኝ" ይላል። ስለ ውኃ ሳይሆን ስለ ሠርግ ሲወራም ያላት ጊዜ አለች።

የአጎቱ ልጅ ሊኮን አንድ ቀን ጫማ ሊያስጠግን መጥቶ ትዕግሥቱ አለቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ ከተማዋ እንዲህ ካንገበገበችህ ስምህን ለዕጣ አትሰጥም?"

"እሰጣለኋ!"

"ወሬ ነው።"

"ነገ ጠዋት! ነገ ጠዋት ካልሰጠሁ ይሄን ጫማ በነፃ ውሰደው።"

ሊኮን ጫማውን ከፍሎበት ወሰደ፤ ፊሊኖስ ስሙን ሰጠ። ዕጣው ሲወጣ ስሙ የሹመት ምልክት ከሆነው ነጭ ባቄላ ጋር ተገናኘ፤ ከአምስቱ የከተማ ሹሞች አንዱ ሆነ። እሱ ቢወድቅ ወይም ቢሞት የሚተካው ተጠባባቂ ደግሞ ዕጣው ለልብስ አጣቢው ለሃግኖን ወጣ። ሃግኖን ልብስ የሚያነጣው እንደ ሙያ ባልደረቦቹ ሁሉ በከረመ ሽንት ነው። ፊሊኖስ ስለ ከተማዋ ሽታ በተናገረ ቁጥር፣ ማለትም በየቀኑ፣ ለምሳሌ የሚጠራው የእሱን ስም ነበር። "እኔ ሹም ብሆን መጀመሪያ የምደፍነው የሃግኖንን ቦይ ነው" ያለውን ያልሰማ በአቴና ውስጥ ደንቆሮ ብቻ ነው። ሃግኖን ደንቆሮ አይደለም።

ፊሊኖስ ያን ቀን ወደ ቤቱ የሄደው ደረቱን ነፍቶ፣ እግሩን ከወትሮው ቀስ አድርጎ እያነሳ ነው። እናቱ ሲሚኬ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትሉ ነበር። ጉልበታቸው ከያዛቸው አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከግቢው አይወጡም።

"እማዬ፣ ዕጣ ወጣልኝ! ከተማዋን ሰጡኝ!"

"ሁሏንም?"

"የከተማ ሹም ነኝ። መንገዱ፣ ቦዩ፣ ከየሰገነቱ ወደ ውጪ የሚደፋው ውኃ፣ ... ሌላም ሌላም።"

"ሌላም ሌላም ማለት?"

ፊሊኖስ ጉሮሮውን ጠረገ። "የፋንድያ ጠራጊዎቹም በእኔ ሥር ናቸው።"

"እ" አሉ እናቱ፣ ክራቸውን እያጠነጠኑ። "እንግዲህ ከአንድ ቦታ መጀመር ነው።"

ዕጣ የወጣለት ሁሉ ሹመቱን ከመጨበጡ በፊት በሸንጎ ይጠየቃል። ሥራውን ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ እንዲህ ያለ ነውረኛ ጥያቄ ጠይቀን አናውቅም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። አባትህ ማን ነው፣ ከየትኛው መንደር ነው? የእናትህ አባትስ? ግቢህ ውስጥ የዜውስ መሠዊያ አለ? የወላጆችህ መቃብር የት ነው? ወላጆችህን በደንብ ትይዛለህ? ለዘመቻ በተጠራህ ጊዜ ዘምተሃል? ፋንድያ ለማስጠረግ የአባት መቃብር ምን ያደርጋል የሚል የውጭ አገር ሰው ካለ መልሳችን ቀላል ነው፤ የገዛ አባቱን የዘነጋ ሰው የእኛን ቦይ እንዴት ያስታውሳል?

በዚህ ጥያቄ የወደቀ ሰው ሹመቱን ማጣቱ ብቻ አይደለም። የፈለገ ዜጋ ተነስቶ ወላጁን ጥሏል ብሎ ሊከሰው ይችላል። ከተረታ ደግሞ በጉባኤም ሆነ በሸንጎ፣ በመንደሩ ስብሰባም ቢሆን፣ ዳግመኛ አፉን እንዳይከፍት ይፈረድበታል። ለሌላ ሰው ይህ ቅጣት ነው፤ ለፊሊኖስ ግን በቁም መቀበር ነው።

እሱ ግን ምን አስፈራው? መሠዊያው ግቢው ውስጥ አለ። ዘምቷል፤ ብዙም ባይዋጋ ብዙ ተናግሯል። እናቱን በደንብ ይይዛል። የአባቱ የክቴሶን መቃብርም የታወቀ ነው፤ ከጉድጓዱ ሦስተኛው።

ክቴሶን የሞቱት ፊሊኖስ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። እናቱ በየዓመቱ በሙታን መታሰቢያ ቀን እጁን ይዘው ይወስዱት ነበር። ታዲያ እሳቸው ዘይቱንና የማሩን ውኃ ይዘው ወደ ድንጋዩ ሲወጡ እሱ መንገድ ዳር ይቀራል። ልጅ እያለ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ከመንገደኛ ጋር ይከራከራል። "አንቺ ቅደሚ እማዬ፣ ይህን ሰውዬ አንዴ ላስረዳው" ይላል። ሰውዬው ገብቶት ሳያልቅ እናቱ ሥራቸውን ጨርሰው፣ እጃቸው ተቧጭሮ ይመለሳሉ። ጉልበታቸው እምቢ ያለ ዓመት ነው ማሰሮውን አስይዘው ብቻውን የላኩት። "ከጉድጓዱ ሦስተኛው ነው ልጄ፣ አትሳሳት" አሉት። እሱም አልተሳሳተም፤ ቆጠረ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ ዘይቱን አፈሰሰ፣ ጥብጣቡን አሰረ። እንዲህ ሲያደርግ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው።

ጥያቄው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ምስክር የሚሆነው ሊኮን ከማየቱ በፊት ድንጋዩን ላሳምረው ብሎ አሸዋና ኮምጣጤ ይዞ ሄደ። እስከዚያች ቀን ዘይት ያፈስበታል እንጂ አጥቦት አያውቅም። የአሥራ አምስት ዓመት ዘይት አቧራውን ይዞ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ተንበርክኮ ይፈትግ ጀመር። እየፈተገም አፉ አላረፈም። "አባዬ፣ ልጅህ ተሾመ እኮ። አምስት ነን፤ ግን መቼም ከአምስቱ ማን እንደሚናገር ታውቃለህ..." እያለ ሳለ ከጣቶቹ ሥር ፊደል ብቅ አለ። ጎበዝ አንባቢ አይደለምና ፊደሉን ከዚህ በፊት ልብ ብሎት አያውቅም፤ ግን የአባቱ ስም በምን ፊደል እንደሚጀምር ያውቃል። ይህ በዚያ አይጀምርም።

በኃይል ፈተገ። ስሙ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ኤውክሲቴዎስ።

መጀመሪያ ድንጋዩ የተሳሳተ መሰለው፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ዞር ብሎ ጉድጓዱን አየ። አዲሱን ጉድጓድ፣ የራሱን ጉድጓድ፣ ሴቶች በገመድ ባልዲ የሚያወርዱበትን። ከዚያ ቀና ብሎ የረድፉን ላይኛ ጫፍ አየ። ያኔ ነገሩ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ከራሱ እስከ እግሩ ወረደበት። እናቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ጉድጓድ ያኛው ነው። ሦስተኛ ያሉት ከዚያኛው ነው። ያንን ያስደፈነ ማን ነው?

ሽቅብ ሮጠ። ላይኛው ጫፍ እሾህ ወርሶታል፤ ግማሹ ድንጋይ ወድቋል፣ ግማሹ በአፈር ተውጧል፤ አጠገቡ ያለውም መሬት ታርሷል። ከዚህ ነው ሲል ከዚያ ይመስለዋል። ያስደፈነው ሰው ራሱ ጉድጓዱ የት እንደነበር ጠፋው። ተመልሶ ወደ ታች ወረደና ያው የማያውቀው ሰው መቃብር ፊት ተንበረከከ። የሚያደርገው ነገር ስላጣ አሸዋውን አንስቶ መፈተጉን ቀጠለ፤ ሳያውቀው እንባው ይወርድ ነበር። አባቱ አሥራ አምስት ዓመት ጠብታ ዘይት አላገኙም። እሱ በየዓመቱ እየመጣ የሹማምንቱን ጥፋት የሚዘረዝረው ለባዕድ ሰው ነበር። ሟቹ ምን በደለ?

እናቱን ሊጠይቅ ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ? "እማዬ፣ አባዬን የት ነው ያደረግነው?" ይበል? ስለዚህ አቴናዊ እንደመሆኑ ሁሉም አቴናዊ የሚያደርገውን ወሰነ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል። ፊደሉ ላይ ጭቃ ቀባበት፣ ጥብጣብ ጠመጠመበት። ሊኮን መጥቶ አየና "አቤት ሲያምር! አጎቴ እኮ አሁን ነው ያረፉት" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ሸንጎው ሞላ። አምስት መቶ አንድ ዳኞች ነበርን፤ እኔም በዕጣ ገብቼ ከኋላ መደዳ ተቀምጫለሁ። ጥሩ ቦታ ነው፤ እንቅልፍ ቢያሸልብ የሚያይ የለም። ያን ቀን ግን አላሸለበኝም።

ሰብሳቢው ጥያቄዎቹን በተርታ ጠየቀ፤ ፊሊኖስ ከወትሮው ባጠረ ቃል መለሰ። እሱን የምናውቀው እርስ በርስ ተያየን፤ ሰውዬው ታሟል እንዴ?

"የአባትህ መቃብር የት ነው?"

"አሎፔኬ፣ በመንገዱ ዳር። ከጉድጓዱ ሦስተኛው።" ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ እኛ የልጅ ፍቅር መሰለን።

ጸሐፊው ጻፈ። ሊኮን ተነስቶ፣ "ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንደ መስታወት ነው የሚያበራው" ብሎ መሰከረ። ሰብሳቢውም እንደ ደንቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ይህን ሰው ሊከስ የሚፈልግ አለ?" አለ።

ሃግኖን ተነሳ።

ሸንጎው በሹክሹክታ ተሞላ። ተጠባባቂው ነው፣ ባለ ቦዩ ነው፤ እኛም ደስ አለን፣ ጠብ የማይወድ ዳኛ የለም። ፊሊኖስ ወደ ጎን ፈቀቅ አለለት። ሃግኖን ወደ መናገሪያው ወጥቶ ልብሱን አስተካከለ። መቼም የሙያው ነገር ሆኖ ልብሱ በረዶ ይመስላል።

"የአቴና ሰዎች፣ እኔ ይህን ሰው አልወደውም። እሱም አይወደኝም። ስለ ቦዬ የተናገረውን ብትሰሙ..."

"ሰምተናል!" አለ ከፊት መደዳ አንዱ። ሳቅን።

"ልከሰው የተነሳሁ መስሏችኋል። አልዋሽም፣ እስከ ትናንት ድረስ ሐሳቤ እሱ ነበር። ያሰብኩትን ስድብ በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ጥሩ ስድብ ነው፣ ያሳዝናል። ግን ትናንት ያየሁትን አይቼ ዝም ብል አማልክቱ አይወዱልኝም።" ቆም ብሎ ዓይኑን ጠረገ። "አንድ አጎት ነበረኝ፤ ኤውክሲቴዎስ ይባላል። ልጅ ሳይወልድ ሞተ። መቃብሩን መጠበቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኔ ግን ሥራ ይዞኝ፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ሁልጊዜ ዘግይቼ እሄዳለሁ። ስሄድ ደግሞ ድንጋዩ ዘይት ጠጥቶ፣ ጥብጣብ ታስሮለት አገኘዋለሁ። በየዓመቱ! ማን ነው ይሄ ደግ ሰው እያልኩ ስገረም ኖርኩ። ትናንት አህያዬን ጭኜ በዚያ ሳልፍ ምን አየሁ? ይሄ ሰው፣ ይሄ ጠላቴ፣ ተንበርክኮ የአጎቴን ድንጋይ በአሸዋ እየፈተገ ያለቅሳል! እንዴት እንደሚያለቅስ ብታዩት! እስቲ ፍረዱ፤ ለባዕድ ሙት እንዲህ ያነባ ሰው ለገዛ አባቱማ ምን ያላደረገው ነገር አለ?"

አጨበጨብን። ከጎኔ ያለው ሽማግሌ አፍንጫውን ተናፈጠ። ሰብሳቢው ግን ነገር የሚገባው ሰው ነበር፤ በሸንጎ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም።

"የትኛው ድንጋይ ነው የአጎትህ?"

"በታች በኩል ነው፤ ከጉድጓዱ ሦስተኛው።"

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ሰሌዳውን አንስቶ፣ ሥራው ነውና፣ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ "የአባቱ መቃብር፤ ከጉድጓዱ ሦስተኛው።"

ሊኮን ጫማውን ማየት ጀመረ። ሃግኖን አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የተናገረው ነገር ምን እንዳደረገ የገባው ቀስ እያለ ነው። እስከ ዛሬ በጠጉር አስተካካዩ ቤት የምንከራከርበት ጉዳይ ነው፤ ሃግኖን በአቴና አንደኛ ሞኝ ነው ወይስ አንደኛ ብልጥ? እኔ ፊቱን አይቻለሁ፤ እንባው የእውነት ነበር።

ፊሊኖስ መናገሪያው ላይ ብቻውን ቆመ። ማምለጫ አልጠፋውም። እንዲያውም ከንፈሩ ላይ ደርሶለታል፤ ያማረ፣ የተሟላ ንግግር፤ "የአቴና ሰዎች፣ እኔ ያልኩት ከአሮጌው ጉድጓድ ሦስተኛውን ነው፣ የአባቴ ያ ነው፤ ይህኛውን የማጥበው ለወገን አልባ ሙት አዝኜ ነው።" ቢላት ኖሮ ያን ቀን በጭብጨባ ተሸክመን እናወጣው ነበር። ምናልባት ሐውልትም እናቆምለት ይሆናል፤ ስንት ዋሾ አቁመናል። እሱ ግን ወደ ሃግኖን ዞር ሲል ሰውዬው አሁንም ዓይኑ እርጥብ ነው። የዚያ እሾህ ትዝ አለው። እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ አንድ ድንጋይ አለ፤ ልጅ እያለው ልጅ እንደሌለው ሆኖ የቀረ። ንግግሩ ከከንፈሩ ላይ ጠፋ።

"ጉድጓዱን ያዛወርኩት እኔ ነኝ" አለ።

ይህቺን ቃል መቶ ጊዜ ሰምተናታል፤ እንዲህ ተብላ ግን ሰምተናት አናውቅም። ማንም አልሳቀም።

"እናቴ ሦስተኛው ያለችኝ ከድሮው ነው። እኔ የቆጠርኩት ከራሴ ጉድጓድ ነው። የአባቴ መቃብር የት እንዳለ አላውቅም። ትናንት ነው ያወቅኩት። ዛሬ ደግሞ ዋሸኋችሁ።" ትንሽ አሰበ። "ሌላ የምለው የለም።"

ይህቺን የመጨረሻዋን ከእሱ አፍ የሰማ ሰው ያለው ከእኛ ከአምስት መቶ አንዱ ውጪ የለም።

ያኔ ነው ሳቁ የመጣው፤ ሲመጣም እንደ ጎርፍ ነው። "ጉድጓዱ ውስጥ ፈልገው!" አለ አንዱ። "ሹመቱን ለኤውክሲቴዎስ ስጡት፣ ልጅ አግኝቷል!" አለ ሌላው። ፊሊኖስም፣ የሚገርመው፣ አብሮን ሳቀ፤ እንባውን እየጠረገ። ከዚያ የድምፅ ጠጠራችንን ጣልን። ሁለት መቶ ሰባ ለመጣል፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ለማጽደቅ። የእኔ ጠጠር የቱ ውስጥ እንደገባ አትጠይቁኝ። ሹመቱ ወደ ተጠባባቂው ዞረ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የከተማዋን ቦይ የሚቆጣጠረው ሃግኖን ሆነ፤ ሽታውንም እነሆ እያሸተታችሁት ነው።

"ይከሰስ!" የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ሰብሳቢውም፣ "የፈለገ ነገ ጠዋት መጥቶ ክሱን ያስመዝግብ" ብሎ በተነን።

ፊሊኖስ ቤቱ ሲደርስ እናቱ ያው ቦታቸው ላይ ሱፋቸውን ይፈትላሉ። መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

"ወደቅሁ እማዬ።"

"ከምኑ? ከፋንድያው?"

"ከፋንድያው። ነገ ደግሞ ሊከሱኝ ይችላሉ፤ አፌን ሊዘጉት።" የቀረውን ለማለት ጊዜ ወሰደበት። "እማዬ፣ የአባዬን ድንጋይ አላውቀውም። ይህን ሁሉ ዓመት የሌላ ሰው መቃብር ላይ ነበር የማፈሰው።"

እናቱ እንዝርታቸውን አላቆሙም። "አውቃለሁ" አሉ።

"ምን? ማን ነገረሽ?"

"ማንም። እጅህ። የአባትህን ድንጋይ እሾህ ነው የወረሰው፤ ነቅዬው ስመጣ በዓመቱ ተመልሶ ይጠብቀኛል። እኔ ከዚያ መጥቼ እጄ ሳይደማ የዋለበት ዓመት የለም። አንተ የሄድክ ጊዜ እጅህ የሙሽራ እጅ መስሎ ተመለሰ። በሁለተኛውም ዓመት፣ በሦስተኛውም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ?" አሉ እናቱ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የእውነት ነበር የሚጠይቁት። "ከደጃፍ ጀምረህ ታወራ የለ እንዴ። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ሹሞቹ። በአራተኛው ዓመት 'ልጄ፣ ያ ድንጋይ' ብዬ ጀመርኩልህ። 'ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ይህን ልጨርስልሽ' አልከኝ።" ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ። "እስካሁን አልጨረስክም።"

ፊሊኖስ የወደቀውን የክር ቁራጭ ከመሬት አነሳ።

"ደግሞ" አሉ ቆይተው፣ "ያም ሰው ሙት ነው። ዘይት ቢደርሰው ምን ክፋት አለው? መሄድህን አይቼ ደስ ይለኝ ነበር። ሄደህ ብቻ መምጣትህን።"

በማግስቱ ማልዶ የሊኮንን አህያ ተውሶ እናቱን አስቀመጠ። ሊኮን እንኳን አህያ ራሱን ቢጠይቁት የሚሰጥበት ቀን ነበር። ከከተማው በር ሲወጡ መንገዱ እንደ በዓል ቀን በሰው ተጨናንቋል። ፊሊኖስ ሊሰድቡት የወጡ መስሎት አንገቱን ደፋ። ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም። ትናንት የሳቁበት ዳኞች በየመቃብሩ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይፈትጋሉ፤ አንዱ በጥፍሩ፣ አንዱ በልብሱ ጫፍ። "ይሄ እኮ የሴት ስም ነው!" ይላል አንዱ በድንጋጤ። እኔም እዚያው ነበርኩ። የአያቴን ድንጋይ እስከ ረፋድ ፈልጌ በመጨረሻ አንዱን መርጬ ዘይቴን አፈሰስኩበት። የማን እንደሆነ ሟቹ ያውቃል።

ያን ጠዋት በሸንጎው ደጅ ክስ የሚመዘግበው ጸሐፊ እስከ ቀትር ብቻውን ተቀመጠ። በነጋታውም፣ በሠልስቱም። ፊሊኖስን ወላጁን ጥሏል ብሎ ሊከስ የደፈረ አልተገኘም።

ሲሚኬ ከላይኛው ጫፍ ሲደርሱ አህያውን አስቆሙ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን አላመነቱም፤ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሾሁ አመለከቱ። ፊሊኖስ ገባ። ቅርንጫፉን ሲይዝ መዳፉ ተበሳ፤ ሲስበው ክንዱ ተሸነተረ። ነቀለ፣ ጣለ፣ እንደገና ገባ። ከሥሩ ያዘመመች ትንሽ ድንጋይ ብቅ አለች። የተቀባው ስም ከታጠበ ቆይቷል፤ በላይዋ ግን ጫማ ተቀርጾባታል። አንድ ነጠላ ጫማ። ክቴሶን ጫማ ሰፊ እንደነበሩ ያውቃል፤ እሱ የሚቀመጥበት በርጩማ የማን ሆነና። ድንጋዩ ላይ ይህ እንዳለ ግን አላወቀም። በጣቱ ዙሪያዋን ዳሰሳት። ጠርዙ ላይ የስፌቱ ነጥብ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተቀርጿል።

"በደንብ ንቀለው" አሉ እናቱ ከአህያው ላይ ሆነው። ከዚያ ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው፣ ለድንጋይዋ መናገር ጀመሩ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሱፉ፣ በዚህ ዓመት ወይራው እንዴት እንዳፈራ። ይህን ያህል ረዘም አድርገው ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም ነበር።

ከታች ከመንገዱ አንድ መንገደኛ ቆሞ ጮኸ። "ፊሊኖስ! ያ አንተ አይደለህ? ስለ መርከቦቹ ትናንት ጉባኤው የወሰነውን ሰማህ? እስቲ ና፣ አንተ ምን ትላለህ?"

ፊሊኖስ ጀርባው ወደ መንገዱ ነበር። እጁ ይደማል። ጎንበስ ብሎ የቀጣዩን እሾህ ሥር ፈለገ።